ብርድ ነው ያሉት

መቆም ከማይሆንላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ፈተና ሲፈተኑ በወንበሮቹ መሐል ስንጎራደድ ነው የምውለው፤ ባለቤቴም «መቀመጫህ ላይ እሾህ በቅሏል እንዴ» ትለኛለች። እንግዲህ በ1974 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ፣ አቃቂ በሰቃ ከአንዲት ሱቅ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲያስቆመኝ እንዴት እንደተቁነጠነጥኩ አንባቢ ራሱ ይገምትልኝ። ዝናቡ ያባራ ይመስልና መልሶ ይወርዳል። አውቶቡሱ ይመጣል ይባላል፣ አይመጣም። ልሂድ ወይስ ልቆይ እያልኩ ስወዛገብ ጋሽ አብዱሰመድ ከሱቁ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

ጋሽ አብዱሰመድ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ወሎዬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በካሚዮን ከአሰብ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ጨርሰዋል። ካሚዮኗም እንደሳቸው አርጅታ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች፤ አልፎ አልፎ ግን ጥጥ ትጭናለች። ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። አንድ ችግር ብቻ አለባቸው፤ ያመኑበትን ነገር በጉጠት እንኳ ከእጃቸው አታስለቅቋቸውም።

ሰላምታ ተለዋወጥንና «መምህር ተክሌ፣ አንተ ብዙ ሰው ታውቃለህ። የጋዝ ማሞቂያ የሚሸጥ ሰው አታጣም» አሉኝ።

«ያ ከፈረንጁ የገዙት ተበላሸ እንዴ?»

«እሱማ ወላሂ ጤነኛ ነው። ስንት ክረምት እጄን ሳላስነካው ይሠራል። ቤቱ ነው ብርድ የገባበት። ሞሚና ከወለደች ወዲህ ያቺን ክፍል ብርዱ አልለቅ አለ። ልጅቱ ራሷን ይዛ ትውላለች፣ ያስመልሳታል፣ ጉልበቷ ከድቷታል። እናቷም ጀመራት። ከትናንት ወዲህ ሕፃኑም ጡት አልይዝ አለ። አንድ ማሞቂያ አልቻለውምና ሁለተኛ ልጨምር ነው።»

ሞሚና የጋሽ አብዱሰመድ ልጅ ናት። ደብረ ዘይት ነው የተዳረችው፤ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጥታ እየታረሰች ነው። ማሞቂያውን ደግሞ የጥጥ ፋብሪካው ፈረንጅ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ነበር የሸጠላቸው። ከኋላው የጋዝ ሲሊንደር የሚታቀፍ፣ ፊት ለፊቱ ሸክላ የተደረደረበት፣ ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ሣጥን ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚቀናበት ዕቃ ነበር፤ እኔም አልዋሽም፣ ቀንቻለሁ።

ይህን ስንባባል አንዲት ልጅ ከጎናችን ተጠልላ ትሰማን ኖሯል። ዳሲቱ ናት፤ የባቡር ሠራተኛው የሮሪሳ ልጅ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ለክረምት እረፍት መምጣቷ ነው። እዚያ ብየዳ ነው የምትማረው። ሴት ልጅ ከእሳትና ከብረት ምን አላት ተብሎ ሰፈሩ ሲያማት ከርሟል፤ እሷ ግን ሐሜት የምትሰማበት ጆሮ የላትም።

«አባባ አብዱሰመድ» አለች ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላስበው ሰማሁ። እርስዎንስ አያምዎትም?»

«እኔ ምን እሆናለሁ ልጄ። እኔ ሳሎን ነው የምተኛው።»

«ሳሎን ማሞቂያ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እሳት ያለበት ክፍል ያሉት ብርድ መታቸው፤ እሳት የሌለበት ክፍል ያሉት እርስዎ ደኅና ነዎት?»

ጋሽ አብዱሰመድ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። ነገሩ ወግቷቸዋል፤ ግን ሹፌር ናቸውና ዳገት ላይ ማርሽ መለወጥ ያውቁበታል። «እኔ ጣርማ በርን በጥር ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ብርድ ለምዶኛል። እነሱ ሴቶች ናቸው፣ ያውም አንዷ አራስ» አሉ።

«ሞሚና ወደ ውጭ ስትወጣስ ይብስባታል?»

«ለሽንት ስትወጣ ትንሽ ቀለል ይላታል። እሱ የልብ ነገር ነው። ልጅ ናት፣ መታሰሩ ሰልችቷት ነው።»

«የማሞቂያው እሳት መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

«እሳት ምን ዓይነት ይሆናል፣ እሳት ነው። ቢጫ ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ለዓይን ደስ ይላል።»

«መጀመሪያ ሲገዙትም እንዲህ ነበር?»

«ያኔ ከሥሩ ሰማያዊ ነበር፤ ሸክላው ብቻ ነው ወጥ ሆኖ የሚቀላው። አሁን ነው እሳቱ እሳት የመሰለው።»

«ግድግዳው አልጠቆረም?»

«ከበላዩ ትንሽ ጠቁሯል። ክረምቱ ሲወጣ በኖራ እቀባዋለሁ።»

ልጅቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መልሳ አንጠለጠለችው። እኔ የተቁነጠነጠ ሰው ስመለከት አውቃለሁ፤ የእሷ ግን እንደኔ ዓይነት አልነበረም፣ ፈርታ ነበር። «አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አሁን ሄደን ያንን እሳት እናጥፋው። እነሱን የሚያማቸው ብርድ አይደለም። ማሞቂያው ነው» አለች።

«ማሞቂያው?» ጋሽ አብዱሰመድ ወደኔ ዞረው ፈገግ አሉ። «መምህር፣ ሰማህ? ‹ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት› የሚሉት ይሄ ነው። ልጄ፣ ጋዝ ቢያፈስ ይሸት የለም ወይ? አፍንጫ ሰጥቶናል እኮ። ባለቤቴ ሐጀራ ብትጠየቅ ምንም ሽታ የለም።»

«ሳይቃጠል የሚያፈሰው ጋዝ ይሸታል፤ እውነትዎን ነው። እኔ የምለው ሌላውን ነው። እሳት የሚበቃውን አየር ሲያጣ ደኅና አድርጎ አይቃጠልም፤ መርዝ ይወልዳል። ያ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። መጀመሪያ ራስ ምታት ያመጣል፣ ቀጥሎ ያስመልሳል፣ ከዚያ እንቅልፍ ያመጣል። ከዚያ እንቅልፍ መነሣት የለም።»

«አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለውን እኛ ጂን ነው የምንለው። እናንተ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ጂን የለም አላችሁን። ታዲያ የትኛውን ልመን?»

ሳቅሁ። ሳቄን ግን የልጅቱ ፊት መለሰብኝ። እኔ መምህር ነኝ እንጂ የእሳት ነገር አላውቅም፤ ብርድ የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ። በአገራችን ራሱን ያመመው ሁሉ ብርድ መታው፤ ሆዱን የነፋው ብርድ ገባበት፤ ወገቡን የያዘው ብርድ አደረበት። አንድ ቃል ይዘን በሽታውን ሁሉ እንጠራበታለን፤ መድኃኒቱም ያው አንድ ነው፣ ዝጋና አሙቅ። በሽታው ከመዝጋቱና ከማሞቁ የመጣ እንደሆነስ? መድኃኒቱ በሽታውን ይመግበዋል፣ በሽታው መድኃኒቱን ይጠራል። ሁለተኛ ማሞቂያ ፍለጋ በዝናብ የወጡት ሽማግሌ እዚህ አዙሪት ውስጥ ነበሩ።

«ጋሽ አብዱሰመድ» አልኳቸው፣ «ብንሄድ የምናጣው ነገር የለም። ቢበዛ እንበሰብሳለን።»

ሄድን። ልጅቱ ከፊት፣ እኔ ከመሐል፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ፣ ጭቃው ጫማችንን እየሳበ። ዳሲቱ ዞር እያለች ታየናለች፤ ቀድማን እንዳትሮጥ ይሉኝታ ይዟታል። የሰው ቤት ነው፣ ያውም የአራስ።

ከግቢው ገብተን በረንዳው ላይ እንደወጣን ጋሽ አብዱሰመድ ክንዳቸውን ዘርግተው አስቆሙን። «እዚህ ላይ አረፍ እንበል። ከውጭ የመጣ ሰው አራስ ላይ ዘው አይልም፤ ብርዱን ይዞባት ይገባል። የውጭው ከላያችን ይልቀቅ» አሉ።

ወጉ የታወቀ ነው፤ እኔም ቤት ሲወለድ ሰው ሁሉ በር ላይ አረፍ ብሎ ነው የሚገባው። ዳሲቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ተቀመጠች ከተባለ። ከፊት ለፊታችን የአራሷ ክፍል በር አለ። ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጆንያ ተጠቅጥቋል። መስኮቱ በአሮጌ ጋቢ ታፍኗል። ከመስኮቱ በላይ ግንበኛው የተወውን ጠባብ የአየር መውጫ እንኳ በጭቃ ደፍነውታል። እጃቸው እንዴት ያለ እጅ ነው፤ ድንቢጥ የምታልፍበት ቀዳዳ አልተዉም።

«አባባ፣ እሺ፣ እኔ እቀመጣለሁ» አለች ዳሲቱ። «እርስዎ ግን እማማ ሐጀራን ከዚሁ ሆነው ይጥሩልኝ።»

«ሐጀራ» ብለው ተጣሩ።

መልስ የለም።

«ተኝተው ነው። ሌሊቱን አላረፉም» አሉ።

«ሕፃኑስ?»

«እሱም ተኝቷል፤ አልሀምዱሊላህ። ጠዋት ሲያለቅስ ነበር፣ አሁን ዝም ብሏል።»

ልጅቱ ብድግ አለች። ክንዳቸውን ዘረጉባት። ያን ጊዜ እኔ ገፍቻቸው በገባሁ ያሰኘኝ እውነት ነው፤ ግን ሽማግሌን በገዛ በሩ ላይ መግፋት እንዴት ይሆናል? ዳሲቱ አልገፋቻቸውም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፈጠን ፈጠን እያለች ትጠይቃቸው ጀመር።

«አባባ፣ ካሚዮኗ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ስታወጣብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አቆምና ፊልትሮዋን አወጣለሁ። አራግፌ እመልሳለሁ። አየር አንሷት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።»

«ካላራገፉስ?»

«ናፍታውን በከንቱ ትበላለች፣ ጉልበት የላትም፣ ጥላሸት ትተፋለች።»

«ያቺን ካሚዮን በተዘጋ ጋራዥ አስነሥተው፣ በሩን በጆንያ ደፍነው፣ አጠገቧ ይተኛሉ?»

«እብድ ነኝ እንዴ? ጭሱ ሊገድለኝ?»

«ለዚህ ነው ማርሚታ የተሠራላት፤ ጭሱን ወደ ውጭ እንድትተፋ። አባባ፣ የዚያ ማሞቂያ ማርሚታው የት አለ?»

ጋሽ አብዱሰመድ የዘረጉትን ክንድ አወረዱ። ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ወደ ጆንያው፣ ከጆንያው ወደ መስኮቱ። አንድ ሹፌር በዕድሜው ሙሉ የሚያውቀውን ነገር በገዛ ቤቱ ውስጥ ሲያየው ፊቱ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

«ማርሚታ የለውም» አሉ በቀስታ። ከዚያ በሩን በትከሻቸው መቱት።

ሙቀቱ ፊታችንን አቃጠለው። እማማ ሐጀራ ከግድግዳው ተደግፈው፣ እንዝርታቸው ጭናቸው ላይ ወድቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ ነበር። ሞሚና ፍራሹ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ጉንጯ ደም የሞላው ይመስል ቀልቷል። ሕፃኑ ክንዷ ውስጥ ነው። ዳሲቱ ትንፋሿን ይዛ ሮጣ የሲሊንደሩን መዝጊያ አዞረችው፤ ተመልሳም የመስኮቱን ጋቢ በአንድ ጊዜ ነቀለችው። እኔ ሞሚናን በብብቷ ይዤ ጎተትኩ። እማማ ሐጀራን ዳሲቱ ጎተተች። ጋሽ አብዱሰመድ ልጁን ታቅፈው ወደ በረንዳው ወጡ፤ እንደወጡም ነፋሱ ሲመታቸው ጋቢያቸውን አንሥተው ሊሸፍኑት ሲሉ ዳሲቱ ጮኸች።

«ፊቱን አይሸፍኑት። አየሩን ይተዉት ያግኘው።»

«ብርድ ነው ልጄ፣ ዝናብ ነው።»

«ሰውነቱን ይሸፍኑ፣ ፊቱን ይተዉለት።»

ምን ዓይነት ትግል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። እጃቸው ጋቢውን አልለቅ ይላል፤ ያ እጅ ሰው ከሆነ ጀምሮ ሕፃንን ከነፋስ ሸፍን የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። ትእዛዙን ሻሩት። ልጁን ደረታቸው ላይ አድርገው ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞሩለት፤ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ይላሉ። ሕፃኑ ዝም። አሁንም ዝም። እኔ እንኳ ቆሜያለሁ፣ እግሬ አልተነቃነቀም። ከዚያ ልጁ አንዴ አነጠሰና ቀጭን ልቅሶ ለቀቀ፤ ጋሽ አብዱሰመድም አብረውት አለቀሱ።

በካሚዮኗ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰድናቸው። ሽማግሌው ራሳቸው ነዱ፤ መስኮቱን በሁለቱም በኩል አውርደው፣ ዝናቡ እየገባብን። እናትና ልጅ፣ አያትም ጭምር፣ ኦክስጅን ተሰጣቸው። ሐኪሙ ሲጠይቅ ሲጠይቅ ቆይቶ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ የምጽፈው ሌላ ወረቀት ነበር» አለን። ጋሽ አብዱሰመድ ወደ መሬት አዩ።

ሦስቱም ድነው ከተመለሱ በኋላ፣ አንድ ፀሐይ የወጣበት ጠዋት፣ ከአጥሩ ወዲያ ወሬ ስሰማ አላስቻለኝምና ተሻገርኩ። ማሞቂያው ግቢው መሐል ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ አብዱሰመድና ዳሲቱ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለዋል። እማማ ሐጀራ በረንዳው ላይ ሆነው ያያሉ፤ ሞሚና ልጇን ታጠባለች።

«መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዘግቶ ማለያየት ነው» ትላለች ዳሲቱ። «ቀጥሎ ብረቱ እስኪበርድ መጠበቅ። ትኩስ ዕቃ አይነካም።»

«ትኩስ ሞተርም አይከፈትም» አሉ ሽማግሌው።

የኋላውን ክዳን ፈቱ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። አየር በሚገባበት ወንፊት ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮበታል፤ ፍራሽ ቢሞላ ይበቃል። ጥጥ ነው። እማማ ሐጀራ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲባዝቱና ሲፈትሉ የተነሣው ብናኝ ሁሉ በማሞቂያው አፍ ገብቶ ተከማችቷል። ከውስጥ በኩል፣ ጋዙ ከአየር ጋር በሚቀላቀልበት ቱቦ ውስጥ፣ ሸረሪት ድር አድርታበታለች።

«በዚህ ላይ» አለች ዳሲቱ ፈራ ተባ እያለች፣ «እማማ ሐጀራ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ዳንቴሉም አለበት።»

እማማ ሐጀራ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ዳንቴሉን እኔም አውቀዋለሁ፤ በዙሪያው አበባ የተሠራበት፣ ማሞቂያው ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ አናቱ ላይ የሚነጠፍ። ሬዲዮኑ ዳንቴል አለው፣ ሶፋው ዳንቴል አለው፣ ማሞቂያው እንዴት ራቁቱን ይቁም? ሙቀቱ የሚወጣበትን ክፍተት ግማሹን ሸፍኖት ኖሯል። ከፊት በኩል ደግሞ የሕፃኑ ጨርቅ ይሰጣበት ነበር።

«ዕቃውን ማክበሬ ነበር ልጄ» አሉ እማማ ሐጀራ።

«አውቃለሁ እማማ። የዚህ ዕቃ ክብሩ ራቁትነቱ ነው።»

ሞሚና ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አባትዋ ግን አልሳቁም። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ጥጡን ከወንፊቱ ላይ ቀስ እያሉ ይጠርጋሉ፤ ሸክላውን እንዳይሰበር በደረቅ ጨርቅ ዳሰሱት። ጋዙ የሚወጣባት ጠባብ ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ ዳሲቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ይሄ ጂግለር ነው። ጂግለር በሽቦ አይወጋም፣ ይሰፋል። ይነፋል እንጂ» አሉና በጎማ መንፊያ ነፉት። የጋዙን ጎማ አጥፈው ዘርግተው ሲያዩት ተሰነጣጥቋል። «እንዲህ ያለ ጎማ ካሚዮኔ ላይ ባይ ኖሮ ረዳቴን አባርረው ነበር» ብለው ወረወሩት፤ አዲስ ገጠሙ። ከዚያ ዳሲቱ ሳሙና በውሃ በጥብጣ መገጣጠሚያውን ሁሉ ቀባችው፤ አረፋው ካልተነፋ አያፈስም ማለት ነው። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ ሰው ግን፣ አለች፣ የሚያፈስ መሆኑን ሲያውቅ ለማንም መናገር አይችልም።

ለኮሱት። ሰማያዊ ሆነ፤ ሸክላው ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ ቀላ። ጋሽ አብዱሰመድ እጃቸውን ዘርግተው ቆዩ።

«በግማሽ ነው የከፈትሽው?»

«በግማሽ።»

«በሙሉ ተከፍቶ እንዲህ ያለ ሙቀት አልነበረውም።»

«ያኔ ጋዙ ግማሹ ሙቀት ነበር፤ ግማሹ መርዝና ጥላሸት። ንጹሕ ሲሆን ትንሽ ጋዝ ይበቃዋል። ደግሞም አባባ፣ ንጹሕም ቢሆን መስኮቱ ጥቂት ክፍት ይሁን። ግንበኛው የተወው ቀዳዳ ይከፈት። ከአልጋና ከመጋረጃ ይራቅ። ተኝቶ ማንደድ የለም፤ ክፍሉ ከሞቀ በኋላ ይጠፋል፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ይደረባል።»

«ብርዱስ?»

«ብርድ ያስነጥሳል አባባ። ይሄኛው መርዝ ሳያስነጥስ ይገድላል።»

የትምህርት ጥቅም ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ወላጅ ብዙ ነው። ደመወዝ ነው እላቸው ነበር። ከዚያን ጠዋት ወዲህ መልሴ ተለውጧል። ዳሲቱ ለሽማግሌው አዲስ ነገር አልነገረቻቸውም፤ ፊልትሮውንም ማርሚታውንም እሳቸው ያውቁታል። ከመኪና ወደ መኝታ ቤት የምታሻግር አንዲት ጥያቄ ነው የሰጠቻቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሁላችንም እንለዋለን፤ ቅጠሉን የሚያቀብል ሰው ነው የሚጠፋው።

ዕቃው ተሰብስቦ ልንለያይ ስንል ጋሽ አብዱሰመድ ብሩሹን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ልጄ» አሉ። «ከሰልም እንዲሁ ያደርጋል?»

«ከሰል ይብሳል አባባ። ባይጨስም ይብሳል። ሰው ጭሱ ሲያልቅ በስሏል ብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ መርዙ ግን ያኔም አለ።»

«በጠባብ ቦታ፣ በሩ ተዘግቶ ቢሆንስ?»

«ቶሎ ይገድላል።»

ብሩሹን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። ለሰላትም ጊዜው ገና ነበር፤ ግን ምንጣፋቸውን ይዘው ገቡ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ከአጥሩ ወዲያ ድምፃቸው አልተሰማም።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስብሰባን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስም ይጠራል፣ መፈክር ይባላል፣ በር ላይ የአብዮት ጥበቃው አደሴ ጠመንጃውን ይዞ ይቆማል፣ እስኪያልቅ የሚወጣ የለም። እኔ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተፈጠርኩም፤ እግሬን ከወንበሩ ሥር እያፋተግሁ ነው የምውለው። ሊቀመንበሩ ጓድ ቀናው ስለ ጽዳት ዘመቻ ተናግሮ ተናግሮ «አስተያየት ያለው» ሲል ጋሽ አብዱሰመድ ተነሡ። ስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ጽዳት ነው። ማሞቂያ ያላችሁ፣ ጥጡንና ሸረሪቱን ጥረጉለት። እሳቱ ቢጫ ከሆነ አጥፉት። ከሰል የምታነዱ፣ ደጅ አድርጉት፤ ግዴታ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፤ ከሱ ጋር አትተኙ። ራሳችሁን ሲያማችሁ ብርድ ነው ብላችሁ በር አትዝጉ። መጀመሪያ መስኮት ክፈቱና ብርድ መሆኑን ጠይቁት። ይሄን ያደረገ ልጁ ይተርፍለታል፤ የኔ ተርፎልኛል። ጋዙም ይቆጥብለታል፣ ግድግዳውም አይጠቁርበትም፤ እሱ ትርፍ ነው።»

ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ጓድ ቀናው ደወሉን ሊደውል እጁን አነሣ፤ ጋሽ አብዱሰመድ ግን አልተቀመጡም።

«ወንድም ነበረኝ፤ ሙሀመድሁሴን ይባላል። ረዳቴ ነበር። ጣርማ በር ላይ ካሚዮኑ ተበላሽቶብን መሸብን። እኔ መለዋወጫ ፍለጋ በእግሬ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ፣ ይበርደዋል ብዬ አንድ ማንደጃ ከሰል አቀጣጥዬ ካቢናው ውስጥ አስገባሁለት። በሩን እኔ ዘጋሁት። መስኮቱን በጨርቅ ወተፍኩት። ጠዋት ስመለስ ሞቶ አገኘሁት። ብርድ ገደለው አልን። ለሚስቱ ብርድ ገደለው ብዬ ነገርኳት፤ ለእናቴ ብርድ ገደለው ብዬ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ብርድን እፈራዋለሁ። የልጄን ክፍል የደፈንኩት ለዚህ ነው። ወንድሜን የገደለው ብርድ አይደለም። እኔ ስለምወደው የሠራሁለት ነገር ነው የገደለው። ይህን ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው፤ እናንተ ደግሞ ዛሬ ዕወቁት።»

ተቀመጡ። ከፊት ረድፍ ወይዘሮ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ይዘው ተነሡ። ልጃቸው በቅርቡ እንደወለደች ሰፈሩ ያውቃል። ወደ በሩ ሄዱ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ስብሰባው አላለቀም» አለ ጓድ ቀናው።

«ከሰሉን አስገብቼላት ነው የመጣሁት» አሉ እሳቸው፤ ወደ ኋላም ሳይዞሩ። አደሴ ጠመንጃውን ወደ ጎን አድርጎ መንገድ ለቀቀላቸው። ሲሮጡ ሰማናቸው። ከዚያ አንዲት ሌላ ሴት ተነሣች። ቀጥሎ አንድ ወጣት። ቀጥሎ ረድፉ በሙሉ። ጓድ ቀናው ደወሉን ይደውላል፣ ይደውላል፤ ማን ይስማው። እኔም የዳሲቱን ቃል በጆሮዬ የሰማሁት ሰውዬ፣ ጠዋት ባለቤቴ ሽሮ ሠርታበት የተረፈውን ከሰል ልጆቹ ወደተኙበት ክፍል ስታስገባው «ጎበዝ» ብያት መውጣቴ ትዝ አለኝና፣ ወንበሬን ገልብጬ ሮጥኩ።